ስንት መሰኪያ አለው?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ደወለልኝ። ለልጅ ልጁ ኮምፒውተር ሊገዛ መገናኛ መጥቶ ከአንዱ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሱቅ ውስጥ ቆሟል።

«ይኼ ኦል ኢን ዋን የሚሉት እንዴት ነው? ስክሪኑና ሲፒዩው አንድ ላይ የሆነው? እናንተ ቤት እንዳለ ስለማውቅ ነው» አለኝ።

«ስንት መሰኪያ አለው ብለህ ሻጩን ጠይቀው» አልኩት።

«የምን መሰኪያ?»

«የዩኤስቢ። ፍላሽ የሚሰካበት።»

ስልኩን ሳይዘጋ ጠየቀ። የሻጩ ድምፅ ከሩቅ ተሰማኝ፤ «አባባ፣ ለእርስዎ ይበቃዎታል!»

እኔም ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ እዚያው መገናኛ ቆሜ ይህችኑ ቃል ሰምቻታለሁ። ልዩነቱ፣ ያን ጊዜ «ይበቃሻል» ያልኩት እኔው ራሴ መሆኔ ነው። የተባለችው ደግሞ ትልቋ ልጄ ናት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ልጄ ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ከተቀነሱት አንዷ ሆነች። ሁለት ልጆች አሏት። ቤት ተቀምጣ መቆዘም የሚሆንላት ሰው አይደለችምና እቁቧ ሲወጣላት «አባዬ፣ የበሩን ክፍል ስጠኝ፤ ጽሕፈትና ኮፒ ልክፈትበት» አለችኝ። የበሩ ክፍል የምንለው ድሮ ከሰልና አሮጌ ዕቃ የምናስቀምጥበት፣ ቁመቱም ወርዱም ከሁለት ሜትር ብዙ የማያልፍ ክፍል ነው። የምንኖረው ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ስለሆነ ገበያ አይጠፋም። የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፤ የቤት ኪራይ ውል የሚያስጽፍ አለ፤ ሲቪውን ይዞ የሚመጣ ሥራ ፈላጊ አለ። ችግሩ ቦታው ነው። ጠረጴዛ፣ ፕሪንተርና ሁለት ወንበር ከገቡ በኋላ ለሲፒዩ ሳጥን የሚሆን ጥግ አይተርፍም። ስለዚህ ኦል ኢን ዋን ይሻላል ተባለ። ያልኩትም እኔ ነኝ።

አባትና ልጅ ሆነን ወጣን። መገናኛን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከታክሲ ወርዳችሁ ቀና ስትሉ ሕንፃው ሁሉ ማስታወቂያ ለብሷል፤ ስልክና ኮምፒውተር የማይሸጥበት ፎቅ ማግኘት ነው የሚያስቸግረው። የገዛንበትን ሱቅ ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱም የሱቁ አይደለም። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው። ላስቲኩን ገፈፈና አንዱን አበራልን። ስስ ነው፤ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀል የፎቶ ፍሬም ብዙም አይወፍርም። «አባባ፣ ካሜራው እዚሁ፣ ስፒከሩ እዚሁ፣ ማይኩ እዚሁ፣ ዋይፋዩ እዚሁ። የሚያስፈልግዎት አንድ የመብራት ገመድ ብቻ ነው!» አለ። እኔም በሥራ ዘመኔ ከጠረጴዛዬ ሥር ተጠላልፎ ይኖር የነበረውን የገመድ ክምር አስታውሼ ደስ አለኝ።

ልጄ ግን ጎንበስ ብላ ጀርባውን ታያለች። «ዩኤስቢው ስንት ነው?» አለች።

«አራት» አለ ሻጩ።

«አራት የሚበቃኝ አይመስለኝም።»

እዚህ ላይ ነው ጣልቃ የገባሁት። «ምን ልትሰኪበት ነው አንቺ? ሁሉ ነገር ውስጡ ነው እየተባልሽ! ይበቃሻል» አልኳት። ሰው ፊት ስለሆነ ዝም አለች። ገንዘቡ የሷ፣ ሥራው የሷ፣ ውሳኔው ግን የኔ ሆነ።

«ኦል ኢን ዋን» ሁሉም በአንድ ማለት ነው። ስሙ ውሸት የለበትም። ካሜራ፣ ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን ውስጡ መኖራቸው የመሰኪያ ወረፋ ይቀንሳል፤ ባለቤቴ አሜሪካ ካለው ልጃችን ጋር ፊት ለፊት እያየችው የምታወራው አንድም ነገር ሳትሰካ ነው። ነገር ግን ፕሪንተር ውስጡ አይገባም። ስካነር አይገባም። ደንበኛ በኪሱ ይዞት የሚመጣው ፍላሽ አይገባም። እኔ «ሁሉም» ሲባል የዓለምን ዕቃ ሁሉ አስቤ ነበር መሰለኝ።

ማታ ቤት ገብተን ስንቆጥር ሻጩ አልዋሸም፤ አራት ናቸው። ሁለቱ ከጀርባ ናቸው፤ አንዱ ከጎን ነው። አራተኛው ግን ታይፕ ሲ የሚሉት፣ የአዲሶቹ ስልኮች ገመድ የሚገባበት ትንሽ ሞላላ ነው። ቤታችን ውስጥ እዚያ የሚገባ የስልክ ገመድ እንጂ ሌላ ዕቃ አልነበረም። ከካርቶኑ ጋር የመጡት ኪቦርድና ማውስ ባለ ገመድ ናቸው፤ የጀርባውን ሁለት መሰኪያ ይዘው ተቀመጡ። ቀረ አንድ። ለዚህ ለአንዱ የተሰለፉት ደግሞ ፕሪንተሩ፣ ስካነሩ፣ የሰውን ሥራ የምታስቀምጥበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና የደንበኛ ፍላሽ ናቸው። ባለቤቴ ገመዶቹን አይታ «ይኼማ የሸማች ዘይት ሰልፍ ሆነ እኮ!» አለች። ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እኔ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የነበሩት ኮምፒውተሮች ለእያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ በር ነበራቸው። ለኪቦርድ ሐምራዊ ክብ፣ ለማውስ አረንጓዴ ክብ፣ ለፕሪንተር ደግሞ 25 ቀዳዳ ያለው ሰፊ መሰኪያ ነበር። የአንዱን በሌላው ቦታ መሰካት አይቻልም፤ ቢቻልም አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኤስቢ ሲመጣ ሐሳቡ ያንን ሁሉ በር ወደ አንድ ዓይነት በር መለወጥ ነበር። ሰው በደንብ ልብ ያለው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አፕል ኩባንያ አይማክ የተባለውን ባለ ቀለም ኦል ኢን ዋን ሲያወጣ ነው። የቀድሞዎቹን መሰኪያዎች ጣላቸው፤ የፍሎፒ ዲስክ ማስገቢያም አላስቀረም። ከዩኤስቢ የነበረው ሁለት ብቻ ነው። ብልሃቱ ግን ኪቦርዱ ላይ ሁለት ተጨማሪ መሰኪያ መኖሩ ነበር፤ ማውሱ የሚሰካው እዚያ ነበር። ያም ሆኖ ብዙ ሰው አጉረምርሟል።

ከዚያ ወዲህ እነዚህ ማሽኖች እየሰሱ ነው የመጡት። መሰኪያውን የሚበላውም ይኸው መሳሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አይማክ ውፍረቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ለብቻው ያንን ያህል ቦታ ስለሚፈልግ ከማሽኑ አውጥተው መሬት ላይ ከሚቀመጠው የኤሌክትሪክ አዳፕተር ውስጥ አስገቡት፤ እሱም በሁሉም ላይ አልነበረም። የጆሮ ማዳመጫውን ከጀርባ ቢያደርጉት ጫፉ ስክሪኑን ሊነካ ነው፤ ስለዚህ ወደ ጎን አዞሩት። መነሻ ዋጋ ያለው ሞዴል ደግሞ ሁለት ታይፕ ሲ መሰኪያ ብቻ ነው ያለው። ከውጭ አገር ዘመድ እንዲህ ያለ ስስ ማሽን ሲልክላችሁ ደስታው ደስታ ነው፤ ነገር ግን በስልክ «መቀየሪያውንም ጨምርበት» ማለት አትርሱ። አለበለዚያ የልጆቹ ክርስትና ፎቶ ያለበት ፍላሽ እጃችሁ ላይ ይቀራል። በዚያው ካነሳነው፣ ፕሪንተር ግን ከአሜሪካ አታስመጡ፤ ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ሲቀበሉ አንዳንዱ ፕሪንተር ለእነሱ ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ በእኛ በ220 ይቃጠላል።

ሁሉም ኦል ኢን ዋን ግን እንዲህ ቆጣቢ አይደለም። ኤችፒ፣ ዴልና ሌኖቮ ለቢሮ ብለው ከሚሠሯቸው ወፈር ካሉት መካከል አምስትና ስድስት ዩኤስቢ፣ የኔትወርክ መሰኪያም ጭምር ያላቸው አሉ። ሱቁ ውስጥ አጠገብ ላጠገብ ሲቆሙ ወፍራሙ አሮጌ፣ ስሱ ዘመናዊ ይመስላል። እኔም ስሱን መረጥኩ።

ወደ ልጄ ልመለስ። በማግሥቱ «ሀብ» የሚሉትን ገዛች። ለማታውቁት፣ ሀብ ማለት የመብራት ዲቫይደር የእህት ልጅ በሉት፤ አንዱን መሰኪያ አራት ያደርጋል። ርካሽ ነው። ከጎን ያለው መሰኪያ ላይ ተሰክቶ ሁሉንም ተሸከመ። ሥራው ተጀመረ፤ ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ አለፈ፣ የተማሪ ጥድፊያ መጣ። አልፎ አልፎ ስካነሩ መሃል ላይ ይቆማል፤ አልፎ አልፎ ዲስኩ ራሱ ይጠፋና ራሱ ይመለሳል። «ነቅለሽ ሰኪው» እላታለሁ። ነቅላ ስትሰካው ይሠራል። አንድ ነገር ነቅለው ሲሰኩት ከሠራ፣ እኛ አገር ተጠገነ ማለት ነው።

ነሐሴ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ከደብረ ብርሃን ወዲያ የምታስተምር አንዲት እናት፣ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ መጥታ የመመረቂያ ጽሑፏን ልጄ ዘንድ ታስጽፍ ነበር። ሦስት ሳምንት ተመላልሳለች። አማካሪዋ በቀይ እስክሪብቶ ያረመላትን እያመጣች፣ ልጄ እያስገባች፣ ሰማንያ ገጽ ገደማ ደርሷል። ማስረከቢያው በማግሥቱ ከሰዓት በፊት ነው። ጽሑፉ ያለው ኤክስተርናል ዲስኩ ላይ ነው። ልጄ የደንበኛን ሥራ ኮምፒውተሩ ውስጥ ማኖር ስለማትወድ ቀጥታ ከዲስኩ ላይ ከፍታ ነበር የምትሠራው።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ስካነሩ የመጨረሻውን ደብዳቤ እያነሳ ነው። መምህርቷ «የኔ እህት፣ ስልኬ ሊዘጋብኝ ነው፤ ትንሿ ልጄ ሳትተኛ ትደውልልኛለች» አለች። ልጄ ገመዱን ተቀብላ ሀቡ ላይ ሰካችላት።

ዲስኩ «ቀጭ» አለ። እንደገና «ቀጭ፣ ቀጭ» አለ። ስክሪኑ ላይ አንድ መልእክት ወጣ፤ ከዚያ ዲስኩ ጠፋ። ነቅላ ሰካችው። ተመለሰ። ጽሑፉ ግን አልከፈት አለ። ስሙ አለ፣ መጠኑ አለ፣ ሲነካ ግን «ተበላሽቷል» ይላል። መምህርቷ እጅ ላይ ያለው ፍላሽ ሲታይ የሦስት ሳምንት አሮጌ ነው።

ጮክ ብላ አላለቀሰችም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደችው። በዚያው መሃል ስልኳ ጮኸ። «አዎ የኔ ቆንጆ፣ ጨርሻለሁ፣ ነገ እመጣለሁ» ስትል ከበሩ ቆሜ ሰማኋት። እኔ ይህችን መቼም አልረሳትም።

የተረፈን ነገር ቢኖር አማካሪዋ ያረመበት ወረቀት ነው። ቤተሰቡ በሙሉ በሩ ክፍል ውስጥ ገባ፤ እንዴት እንደገባን አላውቅም። ባለቤቴ ታነባለች፣ እኔ ቀዩን እርማት እከተላለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች፣ መምህርቷ ሠንጠረዦቹን በእጇ እየሠራች ታቀብላለች፣ የልጅ ልጄ ገጽ ይቆጥራል። ወፍ ሲንጫጫ ገና ሃያ ገጽ ይቀረናል። በመጨረሻ ከሰዓት በፊት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት አልቆ ይዛ ሮጠች። ልጄ ከዚያ ሥራ አምስት ሳንቲም አልተቀበለችም። መምህርቷም ስለ ቸኮለች ይሁን ስለ ከፋት፣ ሳትሰናበተን ሄደች።

ልጄ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። «ብዬህ ነበር» ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። ለሦስት ቀን ቡናዬን አምጥታ አስቀምጣ ትመለሳለች፤ ያ ብቻ ነው።

ዲስኩን ይዤ መገናኛ ወዳለ አንድ ጠጋኝ ወጣት ሄድኩ። ሰካው፣ አዳመጠው፣ ያለውን ሁሉ አሳየኝ። ከዚያ አንድ ፋይል በስተቀር ሁሉም ደኅና ነው። «አባባ፣ ዲስኩ አልሞተም» አለኝ፤ «ተርቦ ነው።»

እንዲህ አስረዳኝ። ዩኤስቢ ወሬ ብቻ አይደለም የሚያመላልሰው፤ ምግብም ያቀብላል፤ ኤሌክትሪክ ማለቱ ነው። ዩኤስቢ 2 የሚባለው አንድ መሰኪያ እንዲሰጥ የሚጠበቅበት 500 ሚሊ አምፒር ነው። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ምላስ ያለው ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ነው። የራሱ መብራት የሌለው ባለ አራት ሀብ ከዩኤስቢ 2 መሰኪያ ላይ ሲሰካ ያቺኑ 500 ነው ተቀብሎ የሚያከፋፍላት። ለራሱ 100 ይወስዳል፤ ለእያንዳንዱ መሰኪያ 100፣ 100 ይደርሳል። ማውስ በዚያ ጠግቦ ያድራል። በገመድ ምግቡን የሚያገኝ ዲስክ ግን ሊነሳ ሲል ብቻ የዚያን ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። የእኛ ስካነርም የራሱ የመብራት ገመድ የሌለው፣ ከዩኤስቢው የሚመገብ ዓይነት ነው። ሁለቱ እየተሻሙ በሚኖሩበት ገበታ ላይ ሦስተኛ እንግዳ፣ የተራበ ስልክ፣ ተቀመጠ። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ወደቀ፤ የሚጽፈው ጽሑፍ አብሮ ወደቀ።

ሀብ መሰኪያ ያበዛል እንጂ መንገድ አያሰፋም። እናንተ መገናኛን እያያችሁ ይህን ለመረዳት የኮምፒውተር ትምህርት አያስፈልጋችሁም። ከኮተቤ የመጣው፣ ከሲኤምሲ የመጣው፣ ከገርጂ የመጣው ሁሉ አንድ አደባባይ ላይ ይገናኛል፤ የታክሲ ማቆሚያውን በአራት ብታባዙት የሚያልፍበት መንገድ ያው ነው። በወረቀት ላይ አንድ የዩኤስቢ መሥመር በሀብ በሀብ እየተቀጠለ እስከ 127 ዕቃ ይሸከማል ይባላል። በወረቀት ላይ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ ምናልባት አንዳችሁ ቤት ይጠቅማል። መጀመሪያ ፕሪንተሩን ከሰልፉ አወጣነው። ለካ ዋይፋይ ኖሮት እኛ በገመድ ስናንገላታው ነበር። ራውተር ካለ በአየር ይታዘዛል። ልብ በሉ፣ የኢንተርኔት ክፍያ ባይኖርም፣ መሥመሩ ቢቋረጥም፣ ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ ፕሪንተሩ ይሠራል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ቀጥሎ ባለ ገመዱን ኪቦርድና ማውስ ለልጆቹ ሰጥተን ሁለቱን በአንድ ትንሽ መቀበያ የሚያሠራ ገመድ አልባ ገዛን። ሁለት የነበረው ፍጆታ አንድ ሆነ። ብሉቱዝ የሆነውን ብንገዛ እሱም ይቀር ነበር። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አሳቀን። ማውሱ አንዳንዴ እየሰከረ ስክሪኑ ላይ ይንገዳገዳል። ምክንያቱ መቀበያው ከዲስኩ አጠገብ መሰካቱ ነበር። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ ገመድ አልባ ዕቃዎች የሚነጋገሩበትን የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ይረብሻል፤ ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ጽፏል። ራቅ ስናደርገው ማውሱ ወደ ልቡ ተመለሰ።

ዲስኩ ከጀርባ፣ ከማሽኑ ጋር ቀጥታ ተሰካ፤ ከእንግዲህ በማንም በኩል አይመገብም። ሥራውም ተቀየረ፤ ጽሑፉ ኮምፒውተሩ ላይ ይሠራል፣ ማታ ወደ ዲስኩ ይገለበጣል፣ ደንበኛውም በፍላሹ ይዞ ይሄዳል። ለስካነሩ የራሱ አዳፕተር ያለው ሀብ ገዛን። ከተራው ሀብ ይወደዳል፤ ከአንድ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ግን ይረክሳል። አዳፕተሩን ዩፒኤሱ ላይ ነው የሰካነው። ኦል ኢን ዋን እንደ ላፕቶፕ ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤሱ ኮምፒውተሩን ብቻ ይዞ ሀቡ ከግድግዳ ከተመገበ፣ ስክሪኑ እያበራ የሀቡ ዕቃዎች ይጠፋሉ።

የጎኑ መሰኪያ ለእንግዳ ፍላሽ ብቻ ተተወ። የልጅ ልጄ በነጭ ፕላስተር ላይ «እንግዳ» ብሎ ጽፎ ለጠፈበት። እዚያ ላይ አጭር የማራዘሚያ ገመድ ቋሚ ሆና ተሰክታለች፤ የሰው ፍላሽ የሚገባው የገመዷ ጫፍ ላይ ነው። በቀን ሃያ ጊዜ ሲሰካና ሲነቀል የሚላላው የገመዷ አፍ ይሆናል፤ እሷን በትንሽ ገንዘብ መለወጥ ይቻላል። የማሽኑ መሰኪያ ቢሰበር ግን እናት ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ማሽኑን ፈልቅቆ ማውጣት ነው። በድሮው ሲፒዩ ቢሆን ክዳኑን ከፍተው ተጨማሪ መሰኪያ ያለው ካርድ ሊሰኩበት ይችላሉ፤ አራቱ ስምንት ይሆናል። ኦል ኢን ዋን እንዲህ ያለ በር የለውም። ሲገዙት የነበረው መሰኪያ፣ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ያለው መሰኪያ ነው።

እኔና ልጄ እስከ ዛሬ ያልተስማማነውም እዚህ ላይ ነው። «እንደገና ብትገዢ ሲፒዩ ግዢ» እላታለሁ። «የት ላስቀምጠው? አንተ ጭን ላይ?» ትለኛለች። ክፍሏን ትወዳታለች፤ ከጠረጴዛው ሥር እግር መዘርጋት መቻሉን ትወዳለች። እኔ ለሚሠራበት ቤት ሲፒዩ ይሻላል ባይ ነኝ። ለሚማርበት ቤት ግን ኦል ኢን ዋን በቂ ነው፤ ልጅ የሚያጠናበት፣ አያት ከልጇ ጋር የምታወራበት፣ ወር በገባ አንዴ አንድ ወረቀት የሚታተምበት ቤት አራት መሰኪያ አይሞላም። አንድ ነገር ብቻ፤ ልጁ ድሮ የተገዛ፣ ሮዝና አረንጓዴ ሁለት ጫፍ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ካለው አዲሶቹ ብዙ ጊዜ አንድ ቀዳዳ ብቻ ስለሆኑ ድምፅ እየሰማ እሱ ግን አይሰማም፤ ሁለቱን ወደ አንድ የምታመጣ አጭር ገመድ ትሸጣለች። ኤችዲኤምአይ አለው ሲሏችሁም «መውጫ ነው መግቢያ?» በሉ። መግቢያ ያለው ከሆነ ኮምፒውተሩ አርጅቶ ሲሞት ስክሪኑን ለሌላ ማሽን መጠቀም ይቻላል። መውጫ ብቻ ከሆነ ስክሪኑም አብሮ ይቀበራል።

ጓደኛዬ ቅዳሜ ዕለት ሳይገዛ ተመለሰ። ማታ ደውሎ የልጅ ልጁ የሚሰካውን ሁሉ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ እንዳዘዘው ነገረኝ። ልጁ ሰባት ጽፏል። ሦስቱ ምን እንደሆኑ አያትየው አላወቀም፤ እኔም አላወቅኩም። ዕቃዎቹን በፌስታል አድርገው ሁለቱም አብረው ሄደው ሱቁ ውስጥ ሰክተው ሊያዩ ተስማምተዋል። ሻጩ ምን እንደሚል መስማት ነው የቀረኝ።

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ በሩ ክፍል አካባቢ ድምፅ ሰማሁ። ያቺው መምህርት ናት። ጽሑፏ አልፎላታል፤ አሁን ይዛ የመጣችው የጓደኛዋን ነው። ልጄ ብድግ ብላ ተቀበለቻት፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፤ ባለቤቴ ቡና ልታስቀርብ ወደ ውስጥ ገባች። መምህርቷ ከቦርሳዋ ሁለት ፍላሽ አወጣች።

«አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለኔ» አለች እየሳቀች።

ልጄ አንዱን ተቀብላ «እንግዳ» የሚለው ላይ ሰካችው። መምህርቷ ስልኳን እያየች ትንሽ አመነታች፤ ገመዱ እጇ ላይ ነው።

«ስልክ እዚያ ነው፣ እትዬ» አለቻት ልጄ፣ በጣቷ ወደ ግድግዳው እያሳየቻት።